ፀሐይዋ በነፃ፣ ባትሪው በገንዘብ

የመብራት መስመር ባልደረሰበት ወይም መብራት እየመጣ በሚሄድበት የገጠር ከተማ፣ በአንዲት ኮንቴይነር ውስጥ ፀጉር ማስተካከልና ስልክ ቻርጅ ማድረግ በአነስተኛ ካፒታል ከሚጀመሩ የንግድ ሥራዎች አንዱ ነው። ቀደም ሲል የዚህ ነጋዴ አማራጭ ጀነሬተር ብቻ ነበር። ዛሬ ሶላር ከመርካቶ አንስቶ እስከ ወረዳ ከተማ ድረስ ይሸጣል። ችግሩ የዕቃው አለመገኘት አይደለም። ገዢው የሚያስፈልገውን መጠን ሳያሰላ፣ ሻጩ አዘጋጅቶ ያስቀመጠለትን "ሙሉ ዕቃ" ተሸክሞ መሄዱ ነው። በዕቁብ የተሰበሰበ ገንዘብ በአንድ ክረምት ባክኖ የሚቀረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እንደሚታወቀው የፓኔል ዋጋ በዓለም ገበያ በእጅጉ ወርዷል። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአንድ ዋት ዋጋ በአሥር ዶላሮች የሚቆጠር ነበር፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ግን በቻይና ፋብሪካዎች ከ20 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ደርሷል። በሌላ በኩል ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ እስከዚያ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዶላር የረከሰው ዕቃ በብር ያን ያህል ያልረከሰው ለዚህ ነው። ዋጋው ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥም በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው የዋጋ ዝርዝር ሳይሆን፣ ማንኛውም ገዢ የዕለቱን ዋጋ ይዞ ሊሠራበት የሚችል የስሌት ዘዴ ነው።

በቅድሚያ ፍጆታ

ስሌቱ የሚጀምረው ከፓኔሉ ሳይሆን ከሥራው ነው። ለምሳሌ እያንዳንዳቸው 9 ዋት የሆኑ 3 አምፖሎች ለ5 ሰዓት ቢበሩ 135 ዋት ሰዓት ይፈጃሉ። እያንዳንዳቸው 12 ዋት የሆኑ ሁለት ቶንዶሶች ለ5 ሰዓት ቢሠሩ 120፣ ባለ 30 ዋት ቴሌቪዥን ለ6 ሰዓት ቢከፈት 180፣ እያንዳንዳቸው 15 ዋት ሰዓት የሚወስዱ 15 ስልኮች ደግሞ 225 ይሆናሉ። ድምሩ በቀን 660 ዋት ሰዓት ነው።

ከ3 ኪሎ ዋት በላይ የሚስብ የእንጀራ ምጣድ፣ ካውያና ውሃ ማፍያ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ቦታ የላቸውም። ሻጩ "ሁሉንም ይችላል" ቢል እንኳ መቀበል አይገባም።

በሽቦ፣ በባትሪና በኢንቨርተር የሚባክን ኃይል ስላለ 660ን ለ0.75 ማካፈል ያስፈልጋል፤ ውጤቱ 880 ነው። ፓኔሉ በየቀኑ ማመንጨት ያለበት ይህንኑ ነው። በአብዛኛው የአገራችን ክፍል በአማካይ በቀን ከ5 እስከ 6 ሰዓት የሚቆጠር ሙሉ ፀሐይ ይገኛል። ነገር ግን በደጋና በወይና ደጋ አካባቢ በሐምሌና በነሐሴ ይህ ስለሚቀንስ 4 ሰዓት ብሎ ማሰቡ ይመረጣል። 880 ለ4 ሲካፈል 220 ዋት ይሆናል፤ ስለዚህ 250 ዋት ፓኔል በቂ ነው። በበጋው ፀሐይ ቢሰላ 160 ዋት ብቻ ይበቃ ነበር። በጥር ወር የተገዛ ሶላር በነሐሴ ሥራ የሚያስፈታው ልዩነት እዚህ ላይ ነው።

ሜትር ይዞ መሄድ

የፓኔል ጽሑፍ ሁልጊዜ አይታመንም። ሆኖም ቀላል መመዘኛ አለ። አሁን በገበያ ላይ ያሉ ጥሩ ፓኔሎች በአንድ ካሬ ሜትር ከ200 እስከ 220 ዋት ገደማ ይሰጣሉ። ስለዚህ ስፋቱ ግማሽ ካሬ ሜትር የሆነ ፓኔል ላይ "300 ዋት" ተብሎ ቢጻፍ ሐሰት መሆኑን ለማወቅ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል።

ሁለተኛው ወጥመድ ከቻርጅ ኮንትሮለሩ ጋር የተያያዘ ነው። ኮንትሮለር ሁለት ዓይነት ሲሆን ርካሹ ፒ ደብልዩ ኤም፣ ውዱ ኤም ፒ ፒ ቲ ይባላል። ርካሹ ፓኔሉን ወደ ባትሪው ቮልት አውርዶ ያሠራዋል፤ የተረፈው ቮልት ይባክናል። በ18 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ፓኔል ከሆነ ጉዳቱ ሩብ ያህል ነው። በ41 ቮልት ገደማ የሚሠራው ባለ 550 ዋት ትልቅ ፓኔል በርካሹ ኮንትሮለር በኩል ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር ቢገናኝ ግን የሚገኘው አንድ ሦስተኛው ብቻ ነው። ይህም ብቻ አይደለም። የዚህ ፓኔል ቮልት ጭነት በሌለበት ጊዜ ወደ 50 ስለሚጠጋ፣ ለዝቅተኛ ቮልት የተሠራውን ኮንትሮለር ሊያቃጥለው ይችላል። ትልቅ ፓኔል የገዛ ሰው ኤም ፒ ፒ ቲ መግዛቱ ግዴታ ነው ማለት ይቻላል።

ዋናው ወጪ

ለመሆኑ ገንዘቡ የሚያልቀው በምን ላይ ነው? በባትሪ ላይ ነው። ፓኔል ከ20 ዓመት በላይ ያገለግላል፤ ባትሪ ግን በየጊዜው ይተካል። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሳት እንጂ ቀስ እያለ እንዲራገፍ ስላልተሠራ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ለሶላር የተሠራ ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት የሊድ ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ እንዳይጎዳ ከግማሹ በላይ ማራገፍ አይገባም። ስለዚህ ለምሳሌያችን ሁለት ያስፈልጋሉ፤ ከሁለቱ የሚገኘው 1,200 ነው። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ተመሳሳይ መጠን ያለው ባትሪ እስከ 80 በመቶ ሊራገፍ ስለሚችል አንዱ ብቻ 1,000 ያህል ይሰጣል።

በዕድሜ ረገድ ልዩነቱ ይሰፋል። ሊዱ በዚህ አያያዝ 500 ጊዜ ያህል፣ ሊቲየሙ ቢያንስ 2,000 ጊዜ ተሞልቶ ይራገፋል ብለን ብናስብ፣ ሁለቱ ሊዶች በዕድሜያቸው 600 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ አንዱ ሊቲየም 2,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሰጣሉ። ስለዚህ ሊቲየሙ ከሁለቱ ሊዶች ዋጋ ከሦስት እጥፍ በላይ እስካልሆነ ድረስ በረዥሙ ጊዜ እርሱ ነው ርካሹ። ይሁን እንጂ በብድር የሚገዛ ሰው ወለዱን መደመር አለበት። መነሻ ገንዘቡ የማይበቃው ደግሞ በሊድ ጀምሮ ከየወሩ ገቢ ለመተኪያ ማስቀመጡ ኪሳራ አይደለም። ኪሳራው ሳያስቀምጡ መቅረት ነው።

በኢንቨርተር በኩል ትልቅ መግዛት ጥቅም የለውም። ባለ 500 ዋት ለዚህ ሱቅ ይበቃል። ትልቁ ኢንቨርተር ምንም ሳይሠራ በሰዓት 15 ዋት ቢስብ በ24 ሰዓት 360 ይበላል፤ ይህም ከሱቁ የቀን ፍጆታ ከግማሽ በላይ ነው። ማታ ሲዘጋ ማጥፋት ይገባል። ለቶንዶስም ንፁህ ሳይን ዌቭ የሚባለውን መምረጥ ይሻላል፤ ሌላው ሞተሩን ያግለዋል። ከባትሪ ወደ ኢንቨርተር የሚሄደው ሽቦ አጭርና ወፍራም ይሁን፤ ከባትሪው አጠገብም ፊውዝ አይቅር።

ከጀነሬተር ጋር ሲነፃፀር

አነስተኛ የቤንዚን ጀነሬተር በሰዓት ግማሽ ሊትር ገደማ ይጠጣል። በቀን 6 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ቢሠራ 78 ሊትር ይሆናል። ነጋዴው ይህን በሚገዛበት ዋጋ ያባዛ፤ ከዚያም ለባትሪ መተኪያ በየወሩ የሚያስቀምጠውን ይቀንስ። የሶላሩን ጠቅላላ ዋጋ ለዚህ ቀሪ ሲያካፍል ገንዘቡ በስንት ወር እንደሚመለስ ያገኛል። ውጤቱ ከባትሪው ዕድሜ ካነሰ ግዢው ያዋጣል፤ ከበለጠ ግን ፍጆታውን ቀንሶ እንደገና ማስላት ይኖርበታል።

ሲተከልም ፓኔሉ ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ዘንበል ብሎ፣ ከቆርቆሮው ከፍ ብሎ አየር እንዲያገኝ ይደረግ። የዛፍ ጥላ አንዱን ጥግ ብቻ ቢነካው እንኳ ኃይሉ በብዙ ይቀንሳል። ዋስትናውን ደግሞ በቃል ሳይሆን ማኅተም ባረፈበት ደረሰኝ ላይ ማስጻፍ ይገባል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ በሶላር ገበያ ግን የፈሰሰውን መልቀም ከባድ ነው።