ከእርዳታ ወረፋ ወደ ሥራ፦ የሴፍቲኔት ጉዞ በኢትዮጵያ

ድርቅ የገጠር ቤተሰብን ሲመታ በመጀመሪያ ለገበያ የሚቀርበው ፍየልና በጉ ነው፤ ችግሩ ሲበረታ በሬው ይከተላል። በሬው ከተሸጠ ዝናቡ ቢመለስም ቤተሰቡ የሚያርስበት የለውም። ረሃቡ የአንድ ዓመት ቢሆንም ከሥራ መውጣቱ ለብዙ ዓመታት ይዘልቃል። የድጋፍ ፕሮግራሞች ዋና ጉዳይም ይኸው ነው፦ በሬው ሳይሸጥ መድረስ፣ የተሸጠበትንም መልሶ ማቋቋም።

ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው ጎረቤት ነው። ደቦና ወንፈል ጉልበት ያዋጣሉ፣ ዕቁብ ለንግድ መነሻ ይሆናል፣ ዕድር በሐዘን ቀን ይቆማል። መንደሩ ሁሉ በአንድ ድርቅ ሲመታ ግን አበዳሪውም ተበዳሪውም እኩል ባዶ እጁን ይቀራል። ያን ጊዜ የሚጠበቀው የእርዳታ እህል በየዓመቱ የሚለመን፣ ብዙ ጊዜም ዘግይቶ የሚደርስ ነበር። በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ሲጠብቅ፣ በዚህ አካሄድ መቀጠል እንደማይቻል መንግሥትም ለጋሾችም ተረዱ።

ልማታዊ ሴፍቲኔት የተባለው የድጋፍ ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። በ5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ተነሥቶ ከጊዜ በኋላ 8 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። ችግረኛውን የሚለዩት አብረውት የሚኖሩት የቀበሌው ሰዎች ናቸው። መሥራት የሚችሉ ቤተሰቦች ለእያንዳንዱ አባል በወር 5 ቀን እየተሰላ እርከን ይሠራሉ፣ ኩሬ ይቆፍራሉ፣ መንገድ ይጠርጋሉ፤ ሥራውም የእርሻውን ወቅት እንዳይሻማ በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ ይካሄዳል። ጧሪ የሌላቸው አረጋውያንና መሥራት የማይችሉ አካል ጉዳተኞች ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶችም ለጊዜው ከጉልበት ሥራ ነጻ ይሆናሉ።

መጀመሪያ ላይ የቀን ክፍያው 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲንር 6 ብሩ 3 ኪሎ መግዛት ተሳነው፤ ክፍያው ወደ 8 ብር ከፍ ቢልም ብዙዎች ከገንዘቡ ይልቅ እህሉ እንዲሰጣቸው ጠየቁ። ከገበያው ጋር የማይራመድ ድጋፍ በዓመቱ ግማሽ ድጋፍ እንደሚሆን ያኔ ታየ።

በ2009 ዓ.ም. ፕሮግራሙ ወደ ከተማ ገባ፤ አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች 604 ሺህ ሰዎችን ለመድረስ ታቀደ። ማልደው ጎዳና የሚጠርጉና አረንጓዴ ቦታ የሚንከባከቡ ተጠቃሚዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ከክፍያቸው ጥቂት እየቆጠቡ ቆይተው ለራሳቸው ሥራ መነሻ ገንዘብ ያገኛሉ። በአዲስ አበባ የተካሄደ ጥናት እንዳሳየው ፕሮግራሙ በተስፋፋበት ጊዜ ተጠቃሚ ባልሆኑ ችግረኛ ሠራተኞች ደመወዝ ላይም ጭማሪ ታይቷል። ሕፃን አዝላ የምትሠራ እናት ግን ከገንዘቡ እኩል ልጇን የምታውልበት ቦታ ያስፈልጋታል። የሕፃናት ማቆያ ወደ ፕሮግራሞቹ እየገባ ያለውም ለዚህ ነው።

ቤተሰብን መልሶ የሚያቆመው ምንድን ነው? በትግራይ ውቅሮ አካባቢን ጨምሮ በስድስት አገሮች ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት መልስ አለው። ለድሃ ቤተሰቦች የሚረባ ከብት ወይም ሌላ ጥሪት፣ የዕለት ቀለብ፣ ሥልጠና፣ ቁጠባና ቤት ለቤት ክትትል ባንድነት ተሰጣቸው፤ ድጋፉ ካበቃ ከአንድ ዓመት በኋላም ኑሯቸው ተሻሽሎ ተገኘ። ቀለቡ ባይኖር ከብቱ ይበላል፤ ክትትሉ ባይኖር በመጀመሪያው ችግር ይሸጣል።

በሴፍቲኔት ቋንቋ ራሱን የቻለ ቤተሰብ «ተመረቀ» ይባላል። ቃሉ ያማረ ነው፤ የወረዳ ኮታ ለመሙላት ተብሎ ሲቸኮል ግን ገና ያልጠናውን ቤተሰብ ወደ ወደቀበት ይመልሰዋል። ከመዝገቡ ስሙ ከወጣ በኋላ ክረምቱ ቀርቶበት፣ በሬውን ሳይሸጥ ለቀጣዩ እርሻ የደረሰ ቤተሰብ፣ እሱ በእርግጥ ተመርቋል።