ማይክሮፎን የሚሰማው ቅርቡን ነው

ዓለም ባንክ በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ሰፈር ነው። ከአየር ጤና ብዙ አይርቅም። ሰርግ በሚበዛበት በጥር ወርና ከፋሲካ በኋላ፣ እንደ ሌላው የከተማው ሰፈር ሁሉ፣ እዚህም ድንኳን ይተከላል። ድንኳኑ ሲተከል ሞንታርቦው አብሮ ይመጣል። ሞንታርቦ የሚባለው ትልቁ የድምፅ ሣጥን ነው። ስሙ የአንድ የጣሊያን ፋብሪካ ስም ነው፤ በእኛ አገር ግን የማንኛውም ትልቅ የድምፅ ሣጥን መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል።

ከገጠር ለዘመድ ሰርግ የመጣ እንግዳ አንድ ነገር ያስተውላል። ድምፁ ይጮኻል፤ ቃሉ ግን አይሰማም። አዝማሪው ግጥም ሲያወርድ ከፊት የተቀመጡት ይስቃሉ። ከኋላ ያለው ሰው «ምን አለ? ምን አለ?» ይላል። ብዙ ሰው ሞንታርቦውን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የማይክሮፎኑ አያያዝ ነው።

ይህ ለአዝማሪ ቀላል ነገር አይደለም። እንጀራው ነው። የተሞገሰው ሰው ሙገሳውን ካልሰማ እጁን ወደ ኪሱ አይሰድም። «ተቀበል!» ብሎ ግጥም የሰጠ እንግዳም ግጥሙ ተበላሽቶ ሲመለስለት ይከፋዋል።

የአማርኛ ግጥም ደግሞ ጆሮ ይፈልጋል። ሁለት ቃላት እንውሰድ። «አለ» የሚለው ቃል ሲላላ «ተናገረ» ማለት ነው። ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት ይሆናል። «ገና» ሲላላ «ጊዜው አልደረሰም» ነው፤ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። በጽሑፍ ሁለቱም አንድ ናቸው። ፊደሉ መላላትና መጥበቅን አያሳይም፤ አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ ይለየዋል። አድማጭ ግን በጆሮው ይለያል። ሰምና ወርቅ የተሠራው ብዙ ጊዜ በዚህችው ልዩነት ነው። ማይክሮፎኑ እሷን ከዋጠ ሰሙ ይደርሳል፣ ወርቁ መንገድ ላይ ይቀራል።

ማይክሮፎን ምን ያደርጋል?

የማይክሮፎኑን ወንፊት መሳይ ጭንቅላት ቢከፍቱት፣ ውስጡ እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረ ስስ ነገር ይገኛል። ድምፅ ሲመታው ይንቀጠቀጣል። ከበስተኋላው የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ አለ። ሽቦው በማግኔት አጠገብ ሲንቀጠቀጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ያ ኤሌክትሪክ በገመዱ ወደ ማጉያው ይሄዳል፤ ማጉያው ያሳድገዋል፤ ሞንታርቦው መልሶ ድምፅ ያደርገዋል። ይህ ዓይነቱ ዳይናሚክ ይባላል። ጠንካራ ነው፤ ለድንኳን የሚሆነውም እሱ ነው። ዛሬ በየሰርጉ የምናየው ባለ ክብ ወንፊት ማይክሮፎን መልኩን በአብዛኛው የወሰደው ሹር የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ በ1966 (እ.ኤ.አ.) ካወጣው ኤስ ኤም 58 ነው።

ሌላው ዓይነት ኮንደንሰር ይባላል። ጆሮው ስል ነው፤ የቅጠል ኮሽታ ሳይቀር ይሰማል። ነገር ግን ከማጉያው ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚፈልገው 48 ቮልት ነው፤ ማጉያው ላይ «48» ተብሎ የተጻፈበት ቁልፍ የሚገኘው ለዚህ ነው። ኮንደንሰር ጸጥ ላለ ስቱዲዮ ይስማማል። ድንኳን ውስጥ የሕፃን ልቅሶ፣ የብርጭቆ ኳኳታና የጄኔሬተር ድምፅ አንድ ላይ ሰብስቦ ያመጣል።

ሲገዙም ሆነ ሲከራዩ አንድ ቀላል ፈተና አለ። ማይክሮፎኑን ከፍተው ከፊቱ ይናገሩ። ከዚያ አዙረው ከጀርባው ይናገሩ። ለድንኳን የሚሆነው ከጀርባ ሲናገሩበት ድምፁ በግልጽ የሚቀንስ ነው። ለምን እንደሚጠቅም ወደ በኋላ እናየዋለን።

ሰሙ እውነተኛ ሰም በነበረበት ጊዜ

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900ዎቹ (ዓ.ም.) መጀመሪያ በጀርመን አገር ዘፈኖቻቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። ያን ጊዜ ለሸክላ ቀረጻ ማይክሮፎን አልነበረም። ዘፋኙ አፉን ወደ ሰፊ ቀንድ አስጠግቶ ይዘፍን ነበር። ድምፁ በራሱ ጉልበት መርፌ ያንቀጠቅጣል፤ መርፌውም በሰም ላይ ይቀርጻል። ጉልበት የሌለው ድምፅ አይቀረጽም። ኤሌክትሪክና ማይክሮፎን ለሸክላ ሥራ የዋሉት ከ1925 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነው። ከዚያ ወዲህ በለሆሳስ የሚያዜም ሰው ሳይቀር ከጥሩምባ በላይ ሊሰማ ቻለ። አምሃ እሸቴ በ1969 (እ.ኤ.አ.) የሸክላ ሥራቸውን በአዲስ አበባ ሲጀምሩ፣ እነ ዓለማየሁ እሸቴ ከጥሩምባና ከሳክስፎን ጋር ዘፍነው ቃላቸው ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። በጩኸት ጥሩምባን የሚያሸንፍ ሰው የለም። የረዳቸው ማይክሮፎኑ ለአፍ ቅርብ መሆኑ ነው።

ስንዝርና ክንድ

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ርቀት ነው። በሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የድምፁ ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። ማይክሮፎኑ ከአፍ አንድ ስንዝር ርቆ የነበረ እንደሆነና ሁለት ስንዝር ቢርቅ፣ የሚደርሰው ከአራት አንዱ ብቻ ነው። የከበሮው ድምፅ ግን እዚያው እንዳለ ነው። ስለዚህ ዘፋኙ ሲርቅ ከበሮው ቃሉን ይውጠዋል። ማይክሮፎኑ ከአፍ ከአራት ጣት እስከ አንድ ስንዝር ርቆ ቢያዝ ጥሩ ነው። ከንፈር ላይ ከተለጠፈ ደግሞ ድምፁ ይወፍራል፤ «ፐ» እና «ጰ» እንደ ጥይት ይጮኻሉ። ትንሽ ወደ ጎን ዘንበል ማድረግ ይህን ያስቀራል።

ብዙ ዘፋኞች ወንፊቱን በመዳፋቸው ይጨብጡታል። ለፎቶ ያምር ይሆናል። ለድምፅ ግን መጥፎ ነው። በወንፊቱ ሥር ድምፅ ከኋላ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ ከኋላ የሚመጣውን ድምፅ የሚቀንሱት እነሱ ናቸው። መዳፍ ሲደፍናቸው ማይክሮፎኑ ከየአቅጣጫው መስማት ይጀምራል። «ሰ»፣ «ሸ» እና «ጸ» ይታፈናሉ። ሞንታርቦውም ያፏጫል።

ፉጨቱ ከየት ይመጣል? ከሞንታርቦው የወጣው ድምፅ ተመልሶ ወደ ማይክሮፎኑ ይገባል። እንደገና ይጎላል፣ እንደገና ይወጣል፣ እንደገና ይገባል። እንደ አውድማ በሬ እዚያው በዚያው ይዞራል። መድኃኒቱ ሞንታርቦውን ከዘፋኙ ፊት ለፊት፣ ወደ እንግዶቹ አዙሮ ማስቀመጥ ነው። የማይክሮፎኑ ጀርባ ወደ ሞንታርቦው ይሁን። ያ የጀርባ ፈተና የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ማይክሮፎን ይዞ በሞንታርቦ ፊት እየተመላለሰ የሚመርቅ ሽማግሌ ካለ ግን የሚሻለው በአክብሮት ወንበር ማቅረብ ነው።

መሰኪያውና ሽቦው

ጥሩው የማይክሮፎን ገመድ ባለ ሦስት እግር መሰኪያ አለው። አንዱ እግር የመሬት ነው። ሁለቱ አንዱን ድምፅ ተቃራኒ አድርገው ይሸከማሉ። ከመብራት ሽቦ የሚመጣ ጉምጉምታ በሁለቱ እኩል ይገባና ማጉያው ላይ ሲደርስ እርስ በርሱ ይጣፋል። እንዲህ ያለ ገመድ ከድንኳኑ ጫፍ እስከ ጫፍ ቢዘረጋ አይጎዳም። ባለ አንድ እግሩ ጃክ ግን ከአምስት ከስድስት ሜትር ሲበልጥ ጉምጉምታ ያመጣል። ሲገናኝ ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ነው። መጀመሪያ የድምፁ ቁልፍ ሁሉ ወደ ታች ይውረድ። ማይክሮፎኑ ይሰካ። ማጉያው መጨረሻ ላይ ይብራ። ሲዘጋ ማጉያው ቀድሞ ይጥፋ። ገመድ አልባው ባትሪው ሙሽሮቹ ሲገቡ ሊያልቅ ስለሚችል ባለ ገመድ አንድ መጠባበቂያ መያዝ ይሻላል።

የመሬት ሽቦ ነገር ግን ቀልድ የለውም። በሶኬታችን ያለው 220 ቮልት ሰው ይገድላል። በ1972 (እ.ኤ.አ.) ሌስ ሃርቪ የተባለ ስኮትላንዳዊ ጊታር ተጫዋች በዌልስ፣ በስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ ሞተ። ጊታሩን ይዞ ሳለ ከመሬት ያልተገናኘ ማይክሮፎን ነክቶ ነው። በክረምት የድንኳኑ ሣር እርጥብ ነው፤ ጫማ ያወለቀም ይኖራል። ማይክሮፎኑ ከንፈር ወይም እጅ ላይ ጥቂት እንኳ «ነዘረኝ» የሚል ሰው ካለ ዘፈኑ ይቁም። ማጉያው ከሶኬት ይነቀል። የመሬት ሽቦውን ባለሙያ እስኪያየው ድረስ አይበራ።

ማሲንቆና ሌሎቹ

አዝማሪው የሚጫወተውም የሚዘፍነውም ራሱ ስለሆነ ችግሩ ልዩ ነው። ሁለት ማይክሮፎን ካለ አንዱ ለአፉ ነው። ሌላው በማሲንቆው ቆዳ ፊት ለፊት፣ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ፣ ቀስቱ በማይነካው በኩል ይቆም። አንድ ብቻ ካለ በአፉና በማሲንቆው መካከል ሆኖ ወደ አፉ ይጠጋ። ለማሲንቆ አይጨነቁ፤ ራሱን ያሰማል። ከበሮ በድንኳን ውስጥ ማይክሮፎን አያስፈልገውም፤ እንዲያውም ከዘፋኙ ሁለት ሦስት እርምጃ ይራቅ። ዋሽንት ሲቀረጽ ትንፋሹ በቀጥታ ማይክሮፎኑን እንዳይመታው ከጎን ነው። በገና ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። እንዚራ የተባሉት ቁራጭ ቆዳዎች የሚሰጡት ንዝረት ካልተሰማ በገና በገና አይመስልም። ስለዚህ ማይክሮፎኑ ወደ ሣጥኑ ቀረብ ይበል፣ ቤቱም ጸጥ ይበል።

ማይክሮፎን የሌለው ሰው ስልክ አለው። የእናቱን እሹሩሩ፣ የአባቱን ቀረርቶ በስልክ መቅረጽ የሚፈልግ ብዙ ነው። የብዙ ስልክ ማይክሮፎን ከታች፣ ከባትሪ መሙያው ቀዳዳ አጠገብ ያለችው ትንሽ ነጥብ ናት። በጣት አትሸፈን። ስልኩ ድምፅ የሚሰማው ከየአቅጣጫው ስለሆነ ከአፍ ከአንድ እስከ ሁለት ስንዝር ይቅረብ። ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ከሥሩ የታጠፈ ጋቢ ይደረግ፤ ያለዚያ ጠረጴዛው ሲነካ ኳኳታው ይገባል። ጥሪ እንዳያቋርጥ የስልኩ መስመር ይዘጋ። አሥር ቆጥረው ዝም ካሉ በኋላ ይጀመር። ቀራጩ በመጀመሪያ የዘፋኙን ስም፣ አገሩንና ቀኑን በድምፁ ይናገር። ከተቀረጸ በኋላ ሰዎቹ ሳይበተኑ ይደመጥ። ያልተሰማ ቃል ካለ እናትየዋ አጠገብ ናት፤ «እማዬ፣ እዚህ ጋ ምን አልሽ?» ብሎ መጠየቅና እንደገና መቅረጽ ይቻላል።