ባለቤት ያጣው የፍቅር ጨዋታ፦ የጥምቀት አደባባይ በምዕራብ ደቡብ ወሎ

የፍትወት ጥበብ፣ ማለትም ሥጋዊ ፍቅርንና ምኞትን በሥዕል፣ በግጥም፣ በዘፈንና በውዝዋዜ የሚገልጸው የጥበብ ዘርፍ፣ በራሱ ስም የሚጠራ ዓመታዊ በዓል ያገኘባቸው ከተሞች አሉ፤ በአሜሪካዋ ሲያትል እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ሠዓሊያንና ፎቶግራፍ አንሺዎች ሥራቸውን የሚያሳዩበት ፌስቲቫል ተደራጅቷል፣ በጃፓኗ ካዋሳኪም በካናያማ ቤተ መቅደስ ዙሪያ የሚከበረው የመራባትና የጤና ልመና የውጭ ጎብኚ የሚጎርፍበት የጸደይ በዓል ሆኗል። ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ያለ በዓል የለም። ጥበቡ ግን በወሎ ደጋ ሲኖር የኖረ ነው፤ ከዓባይ ሸለቆ በላይ በተዘረጉት በቦረና፣ በወግዲ፣ በከላላ፣ በለጋምቦና በአማራ ሳይንት ወረዳዎች፣ ከእነርሱም መካከል የቦረና ዋና ከተማ በሆነችው በመካነ ሰላም፣ የፍቅር ግጥምና ጭፈራ አደባባይ የሚወጡት በሌላ በዓል ተጠግተው ነው። ከነዚህ መጠጊያዎች ትልቁ ጥምቀት ነው።

ጥምቀት፣ ክርስቶስ በዮርዳኖስ መጠመቁ የሚታሰብበት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በዓል፣ ጥር 10 ቀን በከተራ ይጀምራል፤ ታቦታቱ ከየመንበራቸው ወጥተው ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ይወርዳሉ፣ ሌሊቱ በማኅሌትና በቅዳሴ ያልፋል፣ ጥር 11 ማለዳ ውኃው ተባርኮ በሕዝቡ ላይ ይረጫል። አብዛኞቹ ታቦታት በዚያው ቀን ሲመለሱ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት እስከ ጥር 12 ይቆያል፤ ያ ቀን ደግሞ ቃና ዘገሊላ፣ ክርስቶስ በሠርግ ቤት ውኃውን ወደ ወይን የለወጠበት መታሰቢያ ነው። የበዓሉ ማብቂያ በሠርግ መታሰቢያ ላይ መዋሉና ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ያለው ጊዜ በደጋው የሠርግ ወራት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ መከሩ ተሰብስቧል፣ ጎተራው ሞልቷል፣ ድግስ የሚቻለው አሁን ነው።

ከካህናቱ ሽብሸባ ጥቂት ራቅ ብሎ የሚደምቀው ጭፈራ የራሱ ሥርዓት አለው። አንድ አውራጅ ባለሁለት ስንኝ ግጥም እዚያው አፍልቆ ያወርዳል፣ ክቡ በጭብጨባ ይቀበለዋል፣ እስክስታውም አንገትንና ትከሻን ቃል እስኪመስሉ ድረስ ያናግራል። በአማራ ደጋዎች የታወቀው የሎሚ ውርወራ የዚሁ ጨዋታ ክፍል ነው፤ ወጣቱ ለወደዳት ሎሚ ይወረውራል፣ እርሷም አንሥታ በመያዝ ወይም ችላ ብላ በማለፍ መልሷን ታሳውቃለች። ግጥሙ ምኞትን በግላጭ አይናገርም፤ ሰምና ወርቅ በተባለው የቅኔ መንገድ ከላይ ስለ እርሻ፣ ስለ ጥም ወይም ስለ መንገድ እያወራ ከሥር ስለ ገላ ያወራል፣ አድማጩም ወርቁን አውጥቶ ሲያበቃ ያልሰማ መምሰል ይችላል። የዚህ ጥበብ ብርታት፣ እንደ ብዙዎች አስተያየት ከጨዋነት ብቻ ሳይሆን፣ ከጋብቻው ሥርዓት የመነጨ ይመስላል፤ የመጀመሪያ ጋብቻ በወላጆችና በሽማግሌዎች ስምምነት፣ ብዙ ጊዜም ሙሽራዋ ሳትጠየቅና ዕድሜዋ ሳይደርስ ይፈጸም በነበረበት ማኅበረሰብ፣ ሰው የራሱን ምርጫ የሚናገርበት ቦታ የበዓሉ ሜዳ ነበር። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ለጋብቻ የተጋቢዎችን ነፃ ፈቃድና 18 ዓመት መሙላትን ሲደነግግ፣ ሜዳው ሲያንጎራጉር የኖረው ጉዳይ ዘግይቶም ቢሆን ሕግ ሆነ ማለት ይቻላል።

የሃይማኖት አባቶች ጨዋታውን በጥርጣሬ ማየታቸው አዲስ አይደለም፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በገላትያ መልእክት ዘፋኝነትን ከሥጋ ሥራዎች መካከል ይቆጥረዋል፣ ሰባኪዎችም ሎሚውን ከበዓሉ ክብር ጋር የማይሄድ አድርገው ይነቅፉታል። ሆኖም በዚያው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ውስጥ የፍቅር ግጥም ሰፊ ስፍራ አለው። የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ የሚደግመው ዳዊት ከ150ው መዝሙርና ከነቢያት ጸሎት ቀጥሎ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞንን፣ ማለትም የሙሽራና የሙሽሪት መዝሙርን፣ ይዟል፤ ትርጓሜው ስለ ክርስቶስና ስለ ቤተ ክርስቲያን ቢሆንም ቃሉ ስለ ዓይን፣ ስለ ጠጉርና ስለ ጡት ነው። በሙስሊሙ ወገንም ሸህ መሐመድ ሻፊ በመሠረቱት የጀማ ንጉሥ ማዕከል በመውሊድ የሚዜመው መንዙማ የነቢዩን ውዳሴ በአፍቃሪ ናፍቆት ቋንቋ ይገልጻል። ሁለቱ እምነቶች በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሳይቀር ተጎራብተው በሚኖሩበት ወሎ፣ ዘፋኙ ቃሉን ከየትኛው እንደተበደረ ለይቶ መናገር ሁልጊዜ አይቻልም፤ መለየቱም ብዙ አይጠቅምም።

በዓሉና የሜዳው ዜማ ያደጉት በሁለት መንገድ ነው። የመጀመሪያው የመድረክ መንገድ ነው፤ በደርግ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ሲቋቋሙ የወሎው ላሊበላ የኪነት ቡድን የሜዳውን ዜማ ወደ አዳራሽ አስገባ፣ ከዚሁ ቡድን የወጣችው ማሪቱ ለገሠም ከስሟ ጋር ተያይዞ የሚታወቀውን አምባሰልን፣ ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ የኢትዮጵያ ቅኝቶች አንዱ የሆነውን፣ አገር አቀፍ አደረገችው። ሁለተኛው የቅርስ መንገድ ነው። ዩኔስኮ ጥምቀትን በ2012 ዓ.ም. በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ አስፍሯል፤ ከዚያ በፊትም በኋላም የጎንደሩ የፋሲለደስ መዋኛና የአዲስ አበባው ጃንሜዳ የውጭ ጎብኚ የሚጠብቃቸው አደባባዮች ናቸው፣ በከተሞችም ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው፣ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው፣ በታቦቱ መንገድ ላይ ምንጣፍ ያነጥፋሉ።

በዚህ እድገት ውስጥ የፍቅር ጨዋታው ስፍራ አላገኘም። የዩኔስኮ መግለጫ ስለ ከተራው፣ ስለ ሌሊቱ ጸሎትና ስለ ካህናቱ ሚና ይናገራል፤ ይህም ተገቢ ነው፣ የበዓሉ ባለቤት ቤተ ክርስቲያን ናትና። የባህልና ቱሪዝም ቢሮዎች ደግሞ ጭፈራውን የሚፈልጉት ለካሜራ በሚመች መልኩ ሲሆን፣ ያኔ አለባበሱ፣ ከበሮውና እስክስታው ይቀሩና የግጥሙ ወርቅ ይቀነሳል። በየመድረኩ ስለ አብሮነትና ስለ ልማት የሚያዜም ቡድን ድምፁ ያማረ ሊሆን ይችላል፤ የሚወረውረው ሎሚ ግን የለውም። በመካነ ሰላም ግቢ ያለው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በአቅራቢያው ያሉትን አውራጆች በራሳቸው ሜዳ ቢቀርጽ፣ ከግጥሙ ጋር አድማጩ መቼ እንደሳቀና መቼ ዝም እንዳለ ጭምር ቢመዘግብ፣ ከማንኛውም የፌስቲቫል መድረክ የበለጠ ሥራ በሠራ ነበር።

የግጥሙ ባለቤትነት ነገር ግን እስካሁን አልተፈታም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራ አመንጪው ጥበቃ ይሰጣል፣ አመንጪው ካልታወቀ ግን መብቱን የሚጠይቅ አይገኝም፤ በሠርግ ወይም በጥምቀት ሜዳ ላይ በአንዲት ሴት አፍ የተፈጠረ ስንኝ በማግሥቱ በሌላ መንደር ይዘፈናል፣ ከዓመታት በኋላም ስቱዲዮ ገብቶ ግጥሙ «የሕዝብ» ተብሎ ይወጣል።