ኤምፒ3፦ በጆሮ ልክ የተሰፋ ፋይል

ዘፈን ከስልክ ወደ ስልክ በቅጽበት እንዲተላለፍ ካስቻሉት ፈጠራዎች ግንባር ቀደሙ ኤምፒ3 ነው። ድምፅን አሳንሶ የሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት ሲሆን፣ በአብዛኛው የተሠራው ኤርላንገን በተባለችው የጀርመን ከተማ፣ በፍራውንሆፈር ተቋም ነው።

ችግሩ የመጠን ነበር። ሲዲ ለግራና ለቀኝ ድምፅ ማጉያ በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየለካ ስለሚመዘግብ፣ የ4 ደቂቃ ዘፈን 42 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ይህን በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የስልክ መስመር ኢንተርኔት ማውረድ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጅ ነበር።

መፍትሔው የተገኘው የሰውን ጆሮ በማጥናት ነው። ጎላ ያለ ድምፅ በአጠገቡ ያለውን ደካማ ድምፅ ይጋርደዋል። ከበሮ በኃይል ሲመታ፣ በዚያው ቅጽበት በተቀራራቢ ቃና የሚወጣ ስስ ንዝረት ቢኖርም አይሰማንም። ኤምፒ3 ዘፈኑን በጥቃቅን ክፍልፋይ እየመረመረ እንዲህ የተጋረደውን ይጥላል ወይም በግርድፉ ይመዘግባል። ያው ዘፈን በሰከንድ 128 ኪሎቢት ጥራት 4 ሜጋባይት አይሞላም።

ሥራው ትዕግሥት ጠይቋል። ከዋነኞቹ ተመራማሪዎች አንዱ ካርልሃይንስ ብራንደንቡርግ፣ የዘፋኟ ሱዛን ቬጋን «ቶምስ ዳይነር» የተባለ ዘፈን ለመፈተኛ መርጦ ደጋግሞ አዳምጦታል። ዘፈኑ ያለ ምንም መሣሪያ በድምፅ ብቻ የተዜመ ስለሆነ የመጭመቂያውን ስሕተት የሚሸፍን ነገር የለውም፤ መጀመሪያ ላይም ክፉኛ ተበላሽቶ ነበር የወጣው። ድምፁ እስኪጠራ ድረስ አሠራሩን አሻሻሉት። «ኤምፒ3» የሚለው የፋይል መጠሪያ የተመረጠው በ1995 ነው።

ከዚያ በኋላ ሙዚቃን ድንበር አልገታውም። በ1999 የመጣው ናፕስተር የተባለ የኢንተርኔት አገልግሎት ሰዎች ዘፈን በነፃ እንዲለዋወጡ መንገድ ከፈተ፤ የባለሙያው ድካም ግን ያለ ክፍያ ተበተነ። በእኛም አገር ካሴት ይሸጡ የነበሩ ሙዚቃ ቤቶች ዘፈን በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ መጫን ጀመሩ።

የድሮ ካሴቶችን ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጡ ሁሉ አንድ ነገር ሊያውቁ ይገባል፦ ኤምፒ3 አንዴ የጣለውን ድምፅ መልሶ ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ መጀመሪያ ምንም ሳይቀነስ ዋቭ ወይም ፍላክ በተባለ የፋይል ዓይነት ይቀመጥ፤ ለማሰራጫ የሚሆነው ኤምፒ3 ከዚያ ይውጣ። ቅርስ የምንለው ሙዚቃ ለልጆቻችን ሙሉውን ሊደርሳቸው ይገባል።