የቲሙን ልጅ በመኸር ወቅት ከትምህርቱ አለማራቅ

 

በመተማ ዮሐንስና በአካባቢዋ ቆላ ትምህርት በተጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሰሊጥ ይደርሳል። ሰሊጥ ደግሞ ቀን አይሰጥም፤ በጊዜው ካልታጨደ ፍሬው ተከፍቶ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ባለእርሻው ሠራተኛ አጥብቆ ይፈልጋል፣ ከደጋውም ብዙ ሰው ይወርዳል። አባቱ የሞተበት ልጅም ደብተሩን አስቀምጦ ይከተላቸዋል። እናቱ አልላከችውም፤ ነገር ግን የቤት ኪራዩ ደርሷል። እርሻው ላይ የሚጠብቀው ድካም ብቻ አይደለም፤ ወባና ካላዛርም አሉ።

በየወሩ እኩል ተከፋፍሎ የሚሰጥ ድጋፍ ለዚህ ችግር በወቅቱ አይደርስም። በእኛ አስተያየት የደብተር፣ የልብስና የአስቤዛው ገንዘብ ከመስከረም በፊት በእናት እጅ መግባት አለበት።

ገንዘብ ብቻውን ግን ልጁን አያቆየውም። አንድ በጎ ፈቃደኛ በየሳምንቱ እናት ወይም አያት ባሉበት ቤቱን ይጎብኝ፤ ደብተሩን ይመልከት፣ ያልገባውን ሒሳብ ያስረዳው፣ ልጁ ሁለት ቀን ከቀረ መምህሩን ይጠይቅ። (ፎቶ ማንሳቱን ብንተወው ይሻላል።) ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው የቲም ሆነው በአያታቸው፣ በኋላም በአጎታቸው በአቡ ጣሊብ ቤት አድገዋል። እኛም ልጁ ከዘመዱ ቤት ሳይወጣ መደገፉን እንመርጣለን።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በመተማ በኩል ከገቡት መካከል ተመላሽ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ይገኛሉ። ዐረብኛ እያነበበ የአማርኛ ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ከታናናሾቹ ጋር ሲቀመጥ ያፍራል። ለእርሱ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ከትምህርት ሰዓት ውጭ ሀሁን የሚያስቆጥረው፣ ዐረብኛም የሚሰማ ሰው ነው።