ዱባውን ማን አፈራው? በጓሮዎ ስለሚኖሩት ትንንሽ የጤና ባልደረቦች

ስለ ምግብ ስናነሳ ብዙውን ጊዜ የምንነጋገረው ገበታ ላይ ከቀረበ በኋላ ስለሚሰጠው ጥቅም ነው። ዛሬ ግን ጥቂት ወደ ኋላ መለስ ብለን ምግቡ ወደሚበቅልበት ጓሮ እንግባ። ጓሮው ሰፊ መሆን የለበትም። አንድ ሁለት መደብ ጎመን፣ አጥር ላይ የተንጠላጠለ ዱባ፣ ጥግ ላይ ጤና አዳምና በሶብላ ካለዎት ይበቃል።

የማለዳዎቹ ሠራተኞች

ከሱብሒ ሶላት በኋላ ፀሐይ ስትወጣ ወደ ዱባው ጠጋ ይበሉ። ቢጫዎቹ አበቦች የሚከፈቱት በማለዳ ነው፤ ቀኑ ሲሞቅ ይጠወልጋሉ። ልብ ብለው ካዩዋቸው ሁለት ዓይነት ናቸው። ወንዴዎቹ በቀጭን ዘንግ ላይ ይቆማሉ፤ ሴቴዎቹ ደግሞ ከሥራቸው ጣት የምታህል ትንሽ ዱባ ይዘዋል። የወንዴው ብናኝ ከባድና የሚጣበቅ ስለሆነ ነፋስ አያደርሰውም። ወደ ሴቴዋ የሚያደርሱት በዋነኛነት ንቦች ናቸው። ንብ ካልመጣ ትንሿ ዱባ ቢጫ ሆና ትረግፋለች። መጀመሪያ የሚወጡት አበቦች ብዙውን ጊዜ ወንዴ ብቻ ስለሆኑ ግን «ዱባዬ አበባ ብቻ ሆነ» ብለው ቶሎ ተስፋ አይቁረጡ።

የበሰለው ዱባ ብርቱካናማ ቀለም ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ንጥረ ነገር ነው። ይህ ቫይታሚን በተለይ ለልጆች ዓይንና በሽታን ለመከላከል አቅማቸው እጅግ ያስፈልጋል። ወጡ ውስጥ ትንሽ ዘይት ሲገባ ሰውነት በተሻለ ሁኔታ ይጠቀምበታል።

የጎመኑ ጠባቂዎች

የጎመኑን ቅጠል ገልብጠው ይዩ። ክሽክሽ የሚባሉት ጥቃቅን ነፍሳት ተጠጋግተው ጭማቂውን ሲመጡ ያገኟቸው ይሆናል። ትንሽ ራቅ ብላ ቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት ጥንዚዛ ካለች አይንኳት። በቀን በርካታ ክሽክሾችን ትበላለች። ጫጩቷ እናቷን ስለማትመስል ብዙ ሰው ተባይ ናት ብሎ ይገድላታል። ጠቆር ያለች፣ ረዘም ያለች፣ ጎኗ ላይ ብርቱካናማ ምልክት ያለባት ናት፤ የምትበላውም ያንኑ ክሽክሽ ነው።

እስስትም ስሟ በከንቱ ጠፍቷል። መርዝ የላትም። ሁለቱን ዓይኖቿን ለየብቻ እያዞረች ዝንቡንና አንበጣውን ትጠብቃለች፤ ከዚያም ረጅም ምላሷን ወርውራ ትይዘዋለች። ንብና ሸረሪትም እንዲሁ የሚናቁ አይደሉም፤ በስማቸው የተሰየሙ የቅዱስ ቁርኣን ምዕራፎች እንዳሉ ያውቃሉ።

መርዝ ከመርጨትዎ በፊት

ብዙዎቻችን ክሽክሽ ስናይ ፈጥነን የምንሄደው ወደ መርዝ ሻጭ ነው። መርዙ ግን ክሽክሹን ከጠባቂዋ፣ ተባዩን ከንቧ አይለይም። ጥንዚዛዎቹ ካለቁ በኋላ ክሽክሹ ከበፊቱ ብሶ ሊመለስ ይችላል። ጎመኑም ለምሳ የሚቀነጠስ ነው፤ በቅጠሉ ላይ የቀረውን መርዝ በሙሉ በውኃ ማጥራት አይቻልም።

ከዚህ የከፋው ደግሞ መርዙን በሃይላንድ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ ገልብጦ ቤት ማስቀመጥ ነው። የተጠማ ልጅ ውኃ መስሎት ቢጠጣው ለሕይወቱ ያሰጋል። እንዲህ ዓይነት ጠርሙስ በቤትዎ ካለ ዛሬውኑ ልጅ የማይደርስበት፣ የሚቆለፍ ቦታ ያድርጉት። ጠጥቶ ከተገኘ አስታውከዋለሁ ሳይሉ ጠርሙሱን ይዘው ወደ ጤና ተቋም ይሩጡ።

ክሽክሹን ግን በውኃ ግፊት ማጠብ፣ በጣም የተወረረውን ቅጠል ቆርጦ መጣል፣ ወይም ጥቂት ሳሙና በውኃ በጥብጦ የቅጠሉን ሥር ማርጠብ በአብዛኛው ይበቃል።

ለዓይንና ለልብ

ጓሮ መቆፈርና ማረም የአካል እንቅስቃሴም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል ለአምስት ቀን ጓሮ ውስጥ ከሠሩ ይህን ያሟላሉ። ከቤት ውጭ በቂ ጊዜ የሚያሳልፉ ልጆች ደግሞ የሩቁን አጥርቶ ያለማየት ችግር እንዳያገኛቸው ይረዳቸዋል።

የሚያዩትም አያጡም። አዲስ አበባ ውስጥ አበባ ባለበት ግቢ፣ በተለይ እሬት ሲያብብ፣ በቆልማማ ረጅም መንቆሯ ማር የምትቀስም ትንሽ ወፍ ትመጣለች። ሳይንሳዊ ስሟ ከተከዜ ወንዝ የተወሰደ ነው። ወንዱ ከሩቅ ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ሐምራዊ ሆኖ ያብረቀርቃል።

ጥቂት ጥንቃቄ

ለወፎች ውኃ ካስቀመጡ ትንኝ እንዳይራባበት በየጊዜው ይድፉትና ይቀይሩት። ንብ ከነደፈችዎ እሾኋን ፈጥነው ያውጡና ቦታውን በቀዝቃዛ ውኃ ያርጥቡ። ፊትና ከንፈር ካበጠ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ግን ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ለዚህ ሳምንት አንድ ሥራ እንስጥዎ። ልጆችዎን ይዘው በማለዳ ዱባው አጠገብ ሩብ ሰዓት ይቀመጡና ስንት ንብ እንደመጣ ይቁጠሩ። ቁጥሩ ካነሰ በሶብላው ይጨመር፤ አበባውንም ንቦች ይወዱታል።