ስፒከሩን ከቡፌው አውጡት

ስፒከር ሊቀይር ወደ ሱቄ የሚመጣ ደንበኛ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ዋቱን ነው። እኔ ግን ያለው ስፒከር ቤቱ ውስጥ የት እንደተቀመጠ ሳልጠይቀው ዋጋ አልነግረውም። መልሱ በአብዛኛው «ቡፌው ውስጥ ነዋ!» ነው።

የአዲስ አበባ ሳሎን ያለ ቡፌ አይታሰብም። ቴሌቪዥኑ መሀል፣ ሲኒና ብርጭቆው ከላይ፣ ስፒከሮቹ ግራና ቀኝ አናጢው በልካቸው በሠራላቸው ሳጥን ውስጥ ይገባሉ። ለዓይን ያምራል፤ ድምፁ ግን እዚያው ታፍኖ ይቀራል። ብዙ የመደርደሪያ ስፒከሮች ከጀርባቸው የአየር ቀዳዳ አላቸው። ቀዳዳው ከእንጨት ጋር ሲፋጠጥ ቤዙ ያጓራል፣ የቡፌው መስታወት አብሮ ይንቀጫቀጫል፣ የዘፋኙ ድምፅም ይደፈርሳል።

ስለዚህ ቤት ድረስ ከተጠራሁ መጀመሪያ የማደርገው ስፒከሮቹን ማውጣት ነው። ጠንካራ ጠረጴዛ ወይም ማስቀመጫ ላይ፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትዊተር በተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍታ ላይ እንዲሆን አድርጌ አቆማቸዋለሁ። ከጀርባቸው ካለው ግድግዳ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ከማዕዘን ደግሞ የቻልኩትን ያህል አርቃቸዋለሁ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከእያንዳንዳቸው እስከ ሶፋው ካለው ጋር እንዲቀራረብ እለካለሁ። ከዚያ ሞኖ የተቀዳ፣ ማለትም ከሁለቱም ስፒከር አንድ ዓይነት ድምፅ የሚወጣበት የድሮ ዘፈን እከፍታለሁ። ድምፃዊው ከሁለቱ መካከል፣ ባዶው ቦታ ላይ ቆሞ መሰማት አለበት። መሀሉ ባዶ ከሆነና ቤዙ ከጠፋ በአንዱ ስፒከር ላይ ቀዩና ጥቁሩ ሽቦ ተገላብጧል ማለት ነው። ይህን አስተካክለን ከሰማን በኋላ ስፒከር የመግዛት ሐሳባቸውን የሚተዉ ብዙ ናቸው።

አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት «ልጄ፣ ድምፁ ደርቋል፤ አዲስ ግዛልኝ» ብለው ጠሩኝ። አምፕሊፋየሩ ደህና ነበር። የስፒከሩን መሸፈኛ ጨርቅ አንስቼ ቤዝ የሚያወጣውን ዉፈር ዙሪያውን በጣቴ ስነካው ጥቁሩ ስፖንጅ እየተፈረፈረ እጄ ላይ ቀረ። ይህ ስፖንጅ የሚርገበገበውን ሸራ ከዙሪያው የብረት ክፈፍ ጋር የሚያያይዝ ቀለበት ነው። ዘፈን ተከፈተበትም አልተከፈተበትም አየሩና እርጥበቱ እየበላው ከ15 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ይበሰብሳል። «እትዬ፣ ስፒከርዎ ጤነኛ ነው፤ ያረጀው ዙሪያው ብቻ ነው» አልኳቸው። አሮጌውን ሙጫ በስፒሪት እያለሰለስኩ ፋቅሁ፣ የጎማ ቀለበት ለጠፍኩበት። ሙጫው ሳይደርቅ በሁለቱም አውራ ጣቶቼ ሸራውን እኩል ወደ ውስጥ ገፋ ለቀቅ እያደረግሁ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ከሸራው ጀርባ ያለው ኮይል ማግኔቱን ከነካ ቀጭን የመፋቅ ድምፅ ይሰማል፤ ቀለበቱን በትንሹ ገፋ እያደረጉ ያ ድምፅ እስኪጠፋ ማስተካከል ነው። እትዬ ባለቤታቸው በገዙላቸው ስፒከር ዛሬም ዘፈን ይሰማሉ።

መቀየር የግድ ሲሆን ግን ምርጫው በቤዝ ሳይሆን በሰው ድምፅ መሆን አለበት እላለሁ። የእኛ ዘፈን ጉልበቱ ግጥሙ ነው፤ ቃሉ ካልተሰማ ሰሙም ወርቁም የለም። ጠ፣ ጨ፣ ቀ እና ጸን የመሳሰሉ ፊደሎች ጥርት ብለው እንዲሰሙ የሚያደርጋቸው ድምፅ በአብዛኛው ከ2000 እስከ 5000 ኸርዝ ባለው ውስጥ ይገኛል። ሁለት ድምፅ አውጪ ያለው ስፒከር ሥራውን ከዉፈር ወደ ትዊተር የሚያቀባብለው ደግሞ ብዙ ጊዜ በ2000 እና በ3000 ኸርዝ መካከል ነው። ቅብብሉ በደንብ ካልተሠራ የሚጎዳው በትክክል የቃሉ ጫፍ ነው። የእንግሊዙ ቢቢሲ በ1970ዎቹ ለትንንሽ የስርጭት መኪኖቹ ያሠራው ኤልኤስ 3/5ኤ የተባለ ስፒከር ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ቤዙም ትንሽ ነው። ዛሬም ድረስ የሚፈለገው የሰው ድምፅ እንደ ሰው ድምፅ ስለሚሰማበት ነው።

ለመፈተሻ በገናን የሚያህል የለም። በዐቢይ ጾም አንድ ወጣት «ስፒከሬ ተቀደደ፣ ይነዝራል» ብሎ አምጥቶልኝ ነበር። የከፈተው የበገና መዝሙር ነበር። በበገና አውታርና በመቀመጫው መካከል ትንንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባል፤ ያንን ነዘር ያለ ድምፅ የሚያወጣው እሱ ነው። ደህና ስፒከር እያንዳንዱን ንዝረት ለይቶ ያሰማል፤ ደካማው ሁሉንም ቀላቅሎ ጉርምርምታ ያደርገዋል። የዚያ ወጣት ስፒከር እንዲያውም ጎበዝ ነበር።

ዋትን በተመለከተ፣ ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈውን «ፒኤምፒኦ» የሚባል ቁጥር እርሱት፤ ለመሸጥ የተጻፈ ነው። አርኤምኤስ የሚለውን፣ ማለትም ያለማቋረጥ የሚችለውን ኃይል ፈልጉ፤ ቀጥሎም ሴንሲቲቪቲውን፣ ማለትም በአንድ ዋት ምን ያህል እንደሚጮህ እዩ። በ1 ዋት 86 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር 89 ከሚሰጠው ጋር እኩል እንዲጮህ አምፕሊፋየሩ እጥፍ ኃይል ማውጣት አለበት። አቅሙ አነስተኛ የሆነ አምፕሊፋየር እስከ ጥግ ሲከፈት ድምፁ ይቆራረጣል፤ እጄ ላይ የሚደርሰው የተቃጠለ ትዊተር አብዛኛው የዚህ ውጤት ነው። ኦሙንም አስተያዩ፤ ለ8 ኦም በተሠራ አምፕሊፋየር ላይ 4 ኦም ስፒከር መቀጠል ያግለዋል።

ክፍሉንም አትርሱ። የ50 ኸርዝ ድምፅ አንድ ሞገድ 7 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ እንዲህ ያለ ቤዝ በትንሽ ክፍል ውስጥ ተጠራቅሞ ያጓራል። ስለዚህ ሴራሚክ የተነጠፈበትና ግድግዳው ባዶ የሆነ የኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ትልቅ ዉፈር ማስገባት ጩኸት መግዛት ነው። ለእንዲህ ያለ ቤት ከ13 እስከ 16 ሴንቲ ሜትር ዉፈር ያለው ጥንድ፣ መሬት ላይ ምንጣፍና መስኮት ላይ ወፍራም መጋረጃ ከበቂ በላይ ነው።

ስፒከር ከአሜሪካ የሚላክላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ለአሜሪካ ገበያ ተሠርቶ አምፕሊፋየሩን በውስጡ የያዘ ስፒከር ብዙ ጊዜ ለ120 ቮልት ብቻ ነው፤ የእኛ ሶኬት 220 ነው። በካርቶኑ የመጣ ዕቃ ገና ሲሰካ ጭሶ ሱቄ የሚደርሰው በዚህ ነው። አምፕሊፋየር ያላችሁ ሰዎች ለላኪው ዘመዳችሁ «ፓሲቭ የሆነውን ላክልኝ» በሉት፤ እሱ መብራት ላይ ስለማይሰካ የትም አገር ይሠራል። ከመላኩ በፊት ግን የድሮውን ስፒከር ከቡፌው አውጥታችሁ፣ ጨርቁን አንስታችሁ ዙሪያውን በጣታችሁ ነካ አድርጋችሁ እዩት።